የጠጅቱ ጉልላት

ይህችን ታሪክ እስከ መጨረሻዋ የሰማ ሰው ጊዜዬ ባከነ አይልም። እንዲያውም ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሳይከራከር አይነሣም። ስለዚህ ጆሮ ይሰጣት።

በአንድ ወቅት፣ ሾላ ምንጭ በሚባል አገር፣ ኮረብታ ላይ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ ቀይ ገደል የሚባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበር። ላይ ቤቶች ያርሳሉ፤ ታች ቤቶች ጭቃ ያቦካሉ። ላይ ቤቶች በታች ቤቶች ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በታች ቤቶች እንስራ ውኃ ይቀዳሉ፤ ታች ቤቶችን ራሳቸውን ግን «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» እያሉ ይሸሿቸዋል። ወጡን ከድስቱ እየጨለፉ ድስቱን የሠራችውን እጅ መፍራት! እንግዲህ ሰው ሲባል እንዲህ ነው።

ስለ ጉልላት ትንሽ ማስረዳት ግድ ይላል። የሣር ክዳን ቤት ሣሩ ሁሉ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፤ ዝናብም ቀዳዳ የሚያገኘው እዚያው ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ከሸክላ የተሠራ ጉልላት ይደፋበታል። የሾላ ምንጭ ማርያም ክዳኗ ሣር ስለነበረ ጉልላቷም ሸክላ ነበር፤ መስቀሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሸክላውን የሚሠራው ደግሞ ቀይ ገደል እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ነው? እናም ነገሩን ልብ ብሎ ላየው፣ የቀይ ገደል ሰው የእጅ ሥራ ከካህናቱ ሁሉ ራስ በላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የቀይ ገደል ሰው እግር ግን ከቅጽሩ በር አያልፍም ነበር።

ለምን ቢሉ፣ ግዝት ነበረ።

ግዝቱን ያወጡት የቀድሞው የደብሩ አለቃ፣ አለቃ እንግዳ ናቸው። አንድ ክረምት ላይ ቤቶች ዘንድ የሕፃናት በሽታ ገባና ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። ሐዘን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ይወጣል። አገሬው ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ። በሽታው እኮ ቀይ ገደልም ገብቶ ነበር፤ ግን ማን ወርዶ አይቶ! አለቃ እንግዳ ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ ሕዝባቸውን ፈሩ። ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «የቀይ ገደል ሰው በዚህ በር ቢገባ፣ የሚያስገባውም ቢኖር፣ የተገዘተ ይሁን» አሉ።

ያን ጊዜ ጠጅቱ አራስ ነበረች። ጠጅቱ ማለት የቀይ ገደል ሸክላ ሠሪ፣ እናቷም ሸክላ ሠሪ፤ ያኔ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጫፍ ላይ የነበረውን ጉልላት የሠራችው እናቷ ናት። ጠጅቱ የወለደችው ሴት ልጅ ነበር፤ ብርቅነሽ አለቻት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና ስሟንም የምታገኘው፣ ስትሞት በጸሎት የምትጠራበትን ማለት ነው፣ ያን ዕለት ነው። ጠጅቱ ስለ ግዝቱ ሰምታለች፤ ግን «ሕፃን ምን አደረገች?» ብላ ልጇን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ወጣች።

በሩን የያዙት ያኔ ወጣት የነበሩት ቄስ አላምረው ነበሩ።

«አባቴ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፤ ልጅቱን ብቻ ይቀበሉኝ» አለች።

ቄስ አላምረው ዘወር ብለው አለቃ እንግዳን አዩ። አለቃው አንገታቸውን ወዘወዙ። ቄሱ በሩን ዘጉ።

ጠጅቱ ጮኸች። ልጅቱም ያ ክረምት ሳይወጣ ሞተች። ክርስትና አልተነሣችምና ፍትሐት የላት፣ የክርስትና ስም የላት። ጭቃ ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አጠገብ ቀበሯት። ጠጅቱ ከዚያ በኋላ የሠራችው ድስት፣ ጋንና እንስራ ሁሉ ጭቃው የወጣው ከልጇ መቃብር አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ።

መሪጌታ ክንፈ የማኅሌቱ መሪ ነበሩ። ድምፃቸው ሲነሣ ላይ ቤት ያለ በሬ እንኳ ማመንዠኩን ይተዋል እየተባለ ይወራላቸዋል። ያን ዕለት ከበሮው እየተመታ፣ የጠጅቱ ጩኸት በከበሮው መካከል ገብቶ ተሰማቸው። በሚቀጥለው የማርያም በዓል መቋሚያቸውንና ጸናጽላቸውን ይዘው ከውስጥ ወጡ፤ የቀይ ገደል ሰዎች ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ቅዳሴ ከሚሰሙባት ዋንዛ ሥር ሄደው ቆሙ። ውስጥ ያለው ማኅሌት መሪ አጥቶ ሲደነባበር፣ ዜማው ከግንቡ ማዶ መጣ። አለቃ እንግዳ ሰው ላኩባቸው።

«ይግቡ ተብለዋል፣ የኔታ።»

«ሁሉም ሲገባ እገባለሁ።»

መሪጌትነታቸው ተነሣ፤ ድርጎአቸውም ቀረ። እሳቸው ግን በሐሩሩም በዶፉም ከዋንዛዋ ሥር አልታጡም። የዓመታት ዝናብ ጉሮሯቸው ውስጥ ገባና ያ ድምፅ ደርቆ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አሁን ጉዱን ስሙ፤ ላይ ቤቶች ምን አሉ? «ይኸው! ድምፃቸውን በሉት!» ግዝቱ ባሰበት። የቀይ ገደል እንስራ ገበያ ላይ ገዢ አጣ። መሪጌታው «ዝናብ ነው የበላኝ» እያሉ በየመንገዱ ይናገሩ ነበር፤ በዚያ ሹክሹክታ ማን ይስማቸው!

ቄስ አላምረው ደግሞ ልጅቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ በቅሏቸው ትጠፋ ጀመር። ያውም በየሳምንቱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ቄሱ «በቅሎዬን ያየ!» እያሉ ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ላይ ቤት ሰው በሳቅ ይሞታል። «በቅሎ ማሰር ያልቻሉ ነፍስ እንዴት ያስራሉ፣ እንዴትስ ይፈታሉ?» ይሏቸው ነበር። ቄሱም አብረው ይስቃሉ። ገበያም ሆነ መንገድ ላይ ጠጅቱን ወይም ሌላ ታች ቤት ሰው ሲያገኙ ግን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፍንጫቸውን ይሸፍኑና ያልፋሉ። ይህንን ላስተዋለ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ ነው፤ መፍቻው ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።

አለቃ ምትኩ ሦስተኛው ናቸው፤ የአለቃ እንግዳ የእህት ልጅ። አጎታቸው አሳድገዋቸዋል፣ አስተምረዋቸዋል። መጽሐፉን ሲያውቁ ግዝቱ ጥፋት መሆኑንም አወቁ። ነገር ግን ያጎረሰን እጅ በአደባባይ መምታት ቀላል አይደለም። «እሳቸው በሕይወት እያሉ አላዋርዳቸውም» ብለው ዝም አሉ። ዝም ባሉባቸው ዓመታት ስንት እናት ከበሩ ተመለሰች! አለቃ እንግዳ አርጅተው ሞቱ፤ ምትኩ በቦታቸው ተሾሙ። የአጎታቸው ተዝካር በወጣ ማግሥት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካባቸውን አውልቀው፣ ድንጋይ በአንገታቸው ላይ ተሸከሙ።

በአገራችን ድንጋይ መሸከም ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ይወቅ፤ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ እስኪያነሣለት ድረስ አይነሣም። ይህን ተራ ሰው ያደርገዋል። አለቃ ሲያደርገው ግን ማን አይቶ ያውቃል? የገዛ ዘመዶቻቸው «የሞተ አጎትህን ከመቃብር አውጥተህ ገረፍከው» ብለው መንገድ ላይ ተፉባቸው። እሳቸው ወረዱ። ከጠጅቱ ደጅ ተንበረከኩ።

«አጎቴ ዘጋብሽ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ። የእሱንም የእኔንም አምጥቻለሁ» አሉ።

ጠጅቱ እጇ ጭቃ ነበር። ቆማ ቀረች። ጎረቤቷ እንጉዳይ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ከአጥሩ ላይ ሆና፣ «ኧረ አንሺላቸው እቴ፣ አንገታቸው ሊሰበር ነው! ድንጋዩ እንደሆነ ለጉልቻ ይሆነናል» አለች። ጠጅቱ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። በጭቃ እጇ ድንጋዩን አንሥታ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። በአለቃው ነጭ ቀሚስ ትከሻ ላይ የአምስት ጣቷ አሻራ ቀረ፤ እሳቸውም በዚያው ቀሚስ አደባባይ ወጥተው ግዝቱን ፈቱ። «እሑድ ልጆቻችሁን ሁሉ አምጡ፤ ክርስትና ይነሣሉ» ብለውም አወጁ።

እሑድ ቀይ ገደል በበሩ ገባ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ያዘለችው፣ የሚያነክሰው። መሪጌታ ክንፈ ከዋንዛዋ ሥር ቆመው ጠበቁ፤ የመጨረሻዋ አሮጊት ምርኩዟን ከደፉ ላይ ካሳለፈች በኋላ፣ ከእሷ ኋላ ገቡ። «ሁሉም ሲገባ» ብለው አልነበር?

የመጀመሪያው የሚጠመቅ የእንጉዳይ ልጅ ነበር። አለቃ ምትኩ ውኃውን ባርከው እጃቸውን ሲያነሡ፣ ቄስ አላምረው ከካህናቱ መካከል ወጡ።

«ይቆዩ አለቃ!»

«ምነው?»

«ጥምቀት አንዲት ናት። ይህ ልጅ ተጠምቋል፤ ቢደግሙት ኃጢአት ይሆናል።»

«ማን አጠመቀው?»

ቄስ አላምረው ላብ አጠመቃቸው። «በቅሎዬ በጠፋች ቀን . . . እኔ።»

እንጉዳይ የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ማዕተቡ፣ አንገት ላይ መታሰር የነበረበት ጥቁር ክር፣ ክንዱ ላይ ታስሮ ታየ። ከዚያ ሌላዋ እናት፤ ከዚያ ሌላዋ። የቀይ ገደል ልጅ ሁሉ ክንዱን አወጣ። ከብርቅነሽ በኋላ አንድም ልጅ ሳይጠመቅ አልቀረም ነበር። ቄሱ ሜሮኑን በበቅሎዋ ኮርቻ ሥር ደብቀው ይዘው ይወርዱ ነበር። በቅሎዋም ጠፍታ አታውቅም፤ ራሳቸው ማለዳ ገደሉ ሥር አስረዋት ተመልሰው ነው «ጠፋች» የሚሉት።

«እንዲያው ያቺ በቅሎ ስንቱን ክርስቲያን አደረገችው!» አለች እንጉዳይ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈነዳ፤ የሚስቁት ላይ ቤቶች ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

አንድ የቀይ ገደል ጎልማሳ ግን አልሳቀም። «አባ፣ ታዲያ ቤቴ ገብተው ልጄን አጥምቀው፣ በማግሥቱ ገበያ ላይ አፍንጫዎን የሸፈኑብኝ ለምንድን ነው?»

«ፈርቼ ነው ልጄ» አሉ ቄሱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው። በዚያው ክረምት በረዶ ወርዶ የጠጅቱን እናት ጉልላት ሰነጠቀው። ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲታደስ አለቃ ምትኩ አዲሱን ጉልላት ጠጅቱ እንድትሠራው ጠየቋት።

ሸክላ ሠሪ ጭቃ ብቻ አትጠቀምም። የተሰበረ አሮጌ ሸክላ፣ ገል የሚሉትን፣ ወቅጣ፣ ፈጭታ፣ ነፍታ ከጭቃው ጋር ታቦካዋለች። ገል ያልገባበት ሸክላ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ጠጅቱ የእናቷን የተሰነጠቀ ጉልላት አስወርዳ ወቀጠችው። ከልጇ መቃብር አጠገብ ካለው ጉድጓድ ጭቃ አወጣች። ሁለቱን አቦካቻቸው። እሳቱ ሲበርድ ጉልላቱ ያለ አንዲት ስንጥቅ ወጣ፤ ጣቷን አጥፋ ብታንኳኳው እንደ ደወል ጮኸ።

በሾላ ምንጭ አንድ ልማድ አለ። ጉልላቱን የሚሰቅለው ሰው ከጣሪያው ጫፍ ሆኖ የአንድ ሙት ስም ይጠራል፤ ታች ያለው ሕዝብ በአንድ አፍ «ነፍስ ይማር» ይላል። ጉልላቱ እስካለ ድረስ ያ ስም በማርያም ጥላ ሥር ነው ተብሎ ይታመናል። አንድ ጉልላት ደግሞ የአንድ ትውልድ ዕድሜ አለው። ሰቃዩን የሚመርጠው አለቃው ነው።

በዕለቱ ላይ ቤትም ታች ቤትም ቅጽሩን ሞላው። መሰላሉ ተደግፏል። ጠጅቱ ጉልላቱን በሁለት ክንዷ አቅፋ ቆማለች። አለቃ ምትኩ፣ «ዘንድሮ የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ስሙም የአንቺው ሙት ይሁን» አሏት።

ጠጅቱ ጉልላቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ልጄ እኮ የክርስትና ስም የላትም፣ አባቴ።»

«የቤት ስሟ ይጠራ። እግዚአብሔር የቤት ስም አያውቅም ያለን ማን ነው?»

ሕዝቡ ይህን ሲሰማ አጉረመረመ፤ ወዲያው ክርክር ተነሣ።

«አለቃ ይስቀሉ! ግዝቱን ማን ፈታው? እሳቸው ድንጋይ ባይሸከሙ ዛሬ ሁላችሁም ከዋንዛው ሥር ነበራችሁ።»

«የዘጋባት የእሳቸው ሥጋ አይደለም እንዴ? እያወቁ አጎታቸው እስኪሞቱ አልጠበቁም?»

«ቄስ አላምረው ይስቀሉ! በሩ ቢከፈት የሚገባ ክርስቲያን ከየት ይገኝ ነበር፣ እሳቸው ባያጠምቁ?»

«በሩን የዘጋችውስ እጅ የማን ናት? በዚያች እጅ የብርቅነሽ ጉልላት ይያዝ?»

«መሪጌታ ክንፈ! ሁሉም ውስጥ ሲሆን እሳቸው ብቻ ውጭ ሆኑልን።»

«በእሳቸው ድምፅ የተነሣ ስንቱን ስድብ ጠጣን! ደግሞስ ከጣሪያ ላይ ሲጣሩ ማን ሊሰማቸው ነው?»

«ከታች ባይሰማ» አለች እንጉዳይ፣ «ወደ ላይ እንደሆነ ከዚያ ቅርብ ነው።»

ጠጅቱ ሦስቱን አየቻቸው። አለቃው ያችኑ አሻራ ያለባትን ቀሚስ ለብሰዋል፤ አላሳጠቧትም። «እኔ ብጠራት» አሉ፣ «ስሟን የከለከለው ቤት ራሱ መለሰላት ማለት ነው።» ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። «እኔ ብጠራት» አሉ፣ «በሩን የዘጋ ሰው ከፈተላት ማለት ነው። ከእሷ በኋላ ያጠመቅኋቸው ሁሉ ስለ እሷ ነው።» መሪጌታው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ለሕዝቡ ተናገረላቸው፤ «ያን ዕለት የእናቷን ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ ለእሷ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረችውም ሹክሹክታ የእሷው ናት ይላሉ።»

ጠጅቱ በልቧ ቂም ፈለገች፤ ቂም ቢኖር መምረጥ ይቀልላት ነበር። ቂም አጣች። ያገኘችው ምስጋና ነው፤ አንዱ ብቻዋን አልተዋትም፣ አንዱ የጎረቤቶቿን ልጆች አድኖላታል፣ አንዱ በጠራራ ፀሐይ ከደጇ ወድቆላታል። ሦስቱም የሰጧትን አንዳቸውም ብቻቸውን ሊሰጧት አይችሉም ነበር።

«ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ምስጋናዬ ሦስት ነው። ጉልላቱ ግን አንድ ነው፤ መሰላሉም አንድ ሰው እንጂ አይሸከም።»

ከምሥራቅ በኩል ያልተጠበቀ ደመና መጣ። የመጀመሪያዋ ጠብታ በጉልላቱ ላይ አረፈች። ጣሪያው ጫፉ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ወደ መቅደሱ እየመጣ ነው። ጠጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ ክንዷን ዘረጋች።

ወደ ማን ዘረጋችው?

መልሱን በአፍ ብቻ መናገር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሞክሩት። ቤታችሁ ውስጥ ካለው ሸክላ ከባዱን በሁለት እጃችሁ አቅፉ። ሦስት ሰዎች ከፊታችሁ አቁሙ፤ አንዱ አለቃው፣ አንዱ ቄሱ፣ አንዱ መሪጌታው ይሁኑ። ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ፣ ክንዳችሁ ሳይዝል፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ለአንዱ ስጡና ለሁለቱ ምክንያታችሁን ንገሯቸው። ከዚያ ንገሩን፤ ብርቅነሽን ከማርያም ጣሪያ ጫፍ ላይ ሆኖ ሊጠራት የሚገባው ማን ነው?